ዕጢን በመርፌ ማቃጠል፦ ለአንባብያን ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች ሁሉ ስለ አንድ ሕክምና የመጡ ናቸው። ሕክምናው ቀጭን መርፌ በቆዳ በኩል ዕጢው ድረስ አስገብቶ፣ በሬዲዮ ሞገድ ጉልበት አሙቆ ሕዋሳቱን መግደል ነው። ሐኪሞች «አርኤፍ አብሌሽን» ይሉታል፤ እኛም ከዚህ በታች «አብሌሽን» እያልን እንቀጥላለን። ጥያቄዎቹን አሳጥረናል፣ የሚመሳሰሉትን አዋህደናል፣ የጠያቂዎችን ስም ትተን ከተማቸውን ብቻ ጽፈናል።

ጥያቄ (ከጎንደር)፦ አባቴ 61 ዓመታቸው ነው፤ ሄፓታይተስ ቢ ለረጅም ጊዜ ነበረባቸው። አሁን በሲቲ ስካን ጉበታቸው ላይ 2.6 ሴንቲ ሜትር የሆነ አንድ ዕጢ ታይቶ ካንሰር ነው ተባልን። አንዱ ሐኪም ቀዶ ጥገና ሲሉን ሌላው «በመርፌ ይቃጠላል» አሉ። መርፌው በእርግጥ ካንሰር ይገድላል ወይስ ማስታገሻ ነው?

መልስ፦ ይገድላል። ከ3 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ የጉበት ካንሰር ላይ በአግባቡ ከተሠራ፣ አብሌሽን ለማዳን ታስቦ የሚሰጥ ሕክምና ነው። የጉበት ሐኪሞች በብዛት በሚከተሉት የባርሴሎና የደረጃ አመዳደብ፣ አንድ ትንሽ ዕጢ ወይም እያንዳንዳቸው ከ3 ሴንቲ ሜትር የማይበልጡ እስከ 3 ዕጢዎች ያሉት፣ ጉበቱም ሥራውን ያላቆመ ሰው ለዚህ ሕክምና ይታሰባል። አባትዎ በመጠን ረገድ በዚህ ውስጥ ናቸው።

የ3 ሴንቲ ሜትሩ ወሰን ከስሌት የመጣ ነው። ሐኪሙ የሚያቃጥለው ዕጢውን ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ያለውን ጤነኛ የሚመስል ጉበት ጭምር ነው፤ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሜትር በየአቅጣጫው። በምስል የማይታዩ የካንሰር ሕዋሳት ከዕጢው ጠርዝ አልፈው ስለሚገኙ ይህን መተው አይቻልም። ስለዚህ ለ2.6 ሴንቲ ሜትር ዕጢ ቢያንስ 3.6፣ ቢቻል 4.6 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የተቃጠለ ክብ ያስፈልጋል። አንድ ነጠላ መርፌ በአንድ ቦታ በአንድ ዙር የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ነው። ዕጢው 3 ሴንቲ ሜትር ከሆነ የሚፈለገው ክብ እስከ 5 ይደርሳል። ከ3 ወደ 5 ሲባል ትንሽ ይመስላል፤ በይዘት ግን ከ14 ወደ 65 ሚሊ ሊትር ነው። ያን ለመሙላት መርፌውን እያዘዋወሩ ደጋግሞ ማቃጠልና ክቦቹን ማደራረብ ግድ ይላል። በክቦቹ መሃል ሳይቃጠል የቀረች ስንጥቅ ካለች ካንሰሩ የሚመለሰው በእሷ ነው። ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ ለሆነ ዕጢ «በመርፌ እናጠፋዋለን» የሚል ካጋጠማችሁ ሌላ ሐኪም አማክሩ።

ከመጠኑ ቀጥሎ የሚወስነው የዕጢው ጎረቤት ነው። 3 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ስፋት ያለው የደም ሥር ዕጢውን ተጠግቶ ካለፈ፣ የሚፈሰው ደም ሙቀቱን እየወሰደ በዚያ በኩል ያለውን ጠርዝ ያቀዘቅዘዋል። አንጀት፣ ጨጓራ ወይም የሐሞት ከረጢት ሲጠጋ ደግሞ ሥጋቱ ሙቀቱ ደርሶ እንዳይበሳቸው ነው። ለዚህ መላ አለው፤ በጉበቱና በአንጀቱ መሃል ፈሳሽ ጨምሮ ማራራቅ። ፈሳሹ 5 በመቶ ደክስትሮስ (ስኳር ያለበት ውሃ) መሆን አለበት። ኖርማል ሳላይን ጨው ስላለው ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ እንዲከላከል የገባው ፈሳሽ ራሱ አንጀቱን ያስጠቃዋል። ዋናዎቹ የሐሞት ቱቦዎች በሚገናኙበት የጉበት መግቢያ ላይ ያለ ዕጢ ግን በዚህ መላም አይመችም። ቱቦው ከተቃጠለ በጠባሳ ይጠባል፤ ከዚያ ዓይን ቢጫ መሆንና ኢንፌክሽን ይከተላል።

አባትዎን ሊጠቅም የሚችል ነገርም አለ። ሲሮሲስ (ጉበትን በጠባሳ የሚያጠነክር በሽታ) በያዘው ጉበት ውስጥ የበቀለ ካንሰር ዙሪያው በጠባሳ የታጠረ ስለሆነ፣ አክንባሎ እንደተከደነ ምጣድ ሙቀቱን አምቆ ይይዛል። ከአንጀት ተነሥቶ ወደ ጉበት የተሰራጨ ካንሰር ይህ ክዳን የለውም፤ ለእሱ ሰፋ ያለ ጠርዝ ማቃጠል ያስፈልጋል።

ቀዶ ጥገና ወይስ መርፌ ለሚለው፣ ሁለቱም ሐኪሞች ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። የጉበት ሥራ በደም የሚለካባቸው ቢሊሩቢናቸውና አልቡሚናቸው ደህና ከሆነ፣ ሆዳቸው ውሃ ካልያዘ፣ ወደ ጉበት በሚገባው ደም ሥር ላይ ግፊት ካልጨመረ፣ ዕጢው ከ2 ሴንቲ ሜትር ስለሚበልጥ ቀዶ ጥገናው በቁም ነገር መታየት አለበት። ከእነዚህ አንዱ ከተጓደለ ወደ መርፌው እናደላለን። ጉበቱ ጨርሶ ከደከመ፣ ማለትም ሆድ በውሃ ከተነፋና ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ አብሌሽንም ይጎዳል እንጂ አይጠቅምም። ዋጋ ከመጠየቅዎ በፊት የሲቲውን ውጤት ይዘው ዕጢው ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ፣ ሌላ ዕጢ እንዳለና እንደሌለ፣ ምን እንደሚጎራበተው ይጠይቁ። ወደ ውጭ አገር ለመላክ ካሰባችሁ የተጻፈው ሪፖርት ብቻ አይበቃም፤ ኮንትራስት (ደም የሚደርስበትን ቦታ በምስሉ ላይ የሚያበራ ፈሳሽ) ተሰጥቶ በተከታታይ በሦስት ደረጃ የተነሣውን ሲቲ ከነሙሉ ምስሉ በሲዲ ያስገልብጡ። ፊልሙን በስልክ ፎቶ አንሥቶ መላክ ሐኪሙን አይረዳውም።

ቴኖፎቪር ወይም ኢንቴካቪር የተባሉትን የሄፓታይተስ ቢ መድኃኒቶች የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ ዕጢው ተቃጠለ ተብሎ አይቋረጥም። መርፌው የሚገድለው ዕጢውን ነው፤ ቫይረሱ ከነጉበቱ በሽታ እዚያው ነው።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ፣ የባዮሜዲካል ባለሙያ)፦ ማሽኑ ሥራ በጀመረ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ኢምፒዳንሱ ይዘልና ኃይሉን ይቆርጣል። ሌላ ጊዜ ደግሞ ታካሚው ፓድ በተለጠፈበት ጭኑ ላይ ተቃጥሎ ተገኘ። ብልሽቱ የማሽኑ ነው?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ አይደለም። ሁለቱም የአንድ ሰርኪዩት ሁለት ጫፎች ናቸው። ኢምፒዳንስ ማለት ሥጋው ኤሌክትሪኩን የሚቋቋምበት መጠን ነው፤ ፓድ ደግሞ ኤሌክትሪኩ ከሰውነት እንዲወጣበት ቆዳ ላይ የሚለጠፈው ነው።

ጄኔሬተሩ የሚያወጣው ከ400 እስከ 500 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ የሚመላለስ ኤሌክትሪክ ነው፤ ከኤኤም ሬዲዮ ጣቢያዎች ትንሽ ዝቅ ብሎ ማለት ነው። ጡንቻና ነርቭ ይህን ፍጥነት መከተል ስለማይችሉ ታካሚው አይነዝረውም። ፈረንሳዊው ዳርሶንቫል ይህን ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1891 ነው፤ በቆዳ በኩል ጉበት ውስጥ በሚገባ መርፌ መሞከሩ ግን እስከ 1990 ቆይቷል፤ ያኔ በካሊፎርኒያ ማክጋሃን፣ በጣሊያን ሮሲ በየፊናቸው አቀረቡት። መርፌው እንደ ብየዳ ብረት ራሱ ግሎ አያቃጥልም። ከጫፉ ዙሪያ ባለው ሥጋ ውስጥ ያሉ አየኖች (ኤሌክትሪክ የተሸከሙ ጥቃቅን ቅንጣቶች) ወዲያና ወዲህ ሲንቀጠቀጡ በመፋተግ ይሞቃሉ፤ ይህም የሚሆነው ከጫፉ በጥቂት ሚሊ ሜትር ውስጥ ብቻ ነው። ከዚያ ውጭ ያለው የሚሞቀው ሙቀቱ እየተሻገረ ሲደርሰው ነው፤ ለዚህም ጊዜ ይፈልጋል።

ሥጋ በ50 ዲግሪ ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ከቆየ ይሞታል፤ ከ60 ካለፈ ወዲያው ይሞታል። ከ100 ዲግሪ በላይ ግን ውሃው ይፈላል፣ ሥጋው ይከስላል። እንፋሎትም ከሰልም ኤሌክትሪክ አያሳልፉም፤ እርስዎ የሚያዩት ዝላይ ይህ ነው። በዚህን ጊዜ ባለሙያው ኃይል ቢጨምር ጫፉ ላይ ያለው ከሰል ይበዛል እንጂ የሚቃጠለው ክብ አይሰፋም። ችኩል እጅ ትንሽ ክብ ይሠራል ማለት ነው።

እንግዲህ በቅደም ተከተል ይመርምሩ። መርፌው በውስጡ ውሃ የሚዞርበት ዓይነት ከሆነ መጀመሪያ የሚታየው ፓምፑ ነው። ቱቦው ታጥፎ፣ በረዶው ሟሙቶ፣ ወይም ቱቦው ውስጥ አየር ገብቶ ሊሆን ይችላል። የጫፉ ሙቀት በሥራ ላይ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ በታች መቆየት አለበት፤ ማቀዝቀዙ ቅርብ ያለው ሥጋ ሳይከስል ጉልበቱ ወደ ውጭ እንዲሄድ ያደርጋል። የተለመደው የእነዚህ መርፌዎች ዙር 12 ደቂቃ ሲሆን፣ ኢምፒዳንሱ ከመነሻው ወደ 10 ኦም ከፍ ሲል ማሽኑ ለ15 ሰከንድ ያህል ኃይሉን ቀንሶ ይመለሳል። ይህ መቆራረጥ ጤነኛ አሠራር ነው፤ ብልሽት ብለው እንዳይመዘግቡት። መጨረሻ ላይ ፓምፑ ሲቆም ጫፉ የሥጋውን ሙቀት ያነባል፤ ከ50 ዲግሪ በታች ካነበበ ዙሩ አልተሳካም፣ ይደገማል።

እንደ ጃንጥላ የሚዘረጉ ጣቶች ያሉት መርፌ አሠራሩ ሌላ ነው። እዚያ የኢምፒዳንሱ መዝለልና የኃይሉ መውደቅ የዙሩ ማብቂያ ምልክት ነው። ከ30 እስከ 50 ዋት ጀምሮ በየደቂቃው 10 ዋት እየጨመሩ ይኬዳል፤ ኃይሉ ሲወድቅ ግማሽ ደቂቃ ያህል ታርፎ፣ ቀድሞ ከተደረሰበት ኃይል በግማሽ ወይም በ70 በመቶ አንድ ጊዜ ይደገማል። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ከወደቀ ግን የተጀመረበት ኃይል በዝቷል። ገና ከመነሻው ኢምፒዳንሱ በጣም ከፍ ብሎ ከታየ ደግሞ ኬብሉ አልተገጠመም፣ ፓዱ አልተጣበቀም፣ ወይም የመርፌው ባዶ ጫፍ ሥጋ ውስጥ አልገባም።

አሁን ወደ ጭኑ። ኢምፒዳንሱ 50 ኦም ሆኖ 200 ዋት ሲገባ በሰውነቱ ውስጥ የሚያልፈው 2 አምፒር ነው፣ ለደቂቃዎች። በመርፌው የገባው ሁሉ በፓዱ ይወጣል። የቀዶ ጥገና ክፍሉ ተራ ፓድ የተሠራው ለአጫጭር ንክኪ ስለሆነ ይህን አይችልም። ለከፍተኛ ኃይል 4 ፓድ፣ በየጭኑ ሁለት ሁለት፣ ከመርፌው እኩል ርቀት ላይ ይለጠፋል። ኤሌክትሪኩ የሚበዛው ለመርፌው ቅርብ በሆነው የፓዱ ጠርዝ ላይ ስለሆነ ረጅሙ ጎን ወደ ላይ፣ ወደ መርፌው ዞሮ መለጠፍ አለበት፤ አጭሩ ጎን ከዞረ ያው ጉልበት በጠባብ መስመር ላይ ይከማቻል። አንዱ ፓድ ሌሎቹን ቀድሞ ወደ ላይ ከተለጠፈም ጫናው ወደ እሱ ይሄዳል። ፀጉሩ ይላጭ፤ ቆዳው ከላብና ከአዮዲን ይድረቅ፤ ፓዱ በጠርዙ እንዳልተነሣ በእጅ ይዳሰስ። በዙሩ አጋማሽ ደግሞ አንድ ሰው ጨርቁን ገልጦ የላይኛውን ጠርዝ ሙቀት በእጁ ይፈትሽ። ታካሚው በማደንዘዣ ተኝቷል፤ «ተቃጠልኩ» አይልም።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር፣ ነርስ)፦ ከሕክምናው በፊትና በኋላ በዋርድ ምን ላይ ትኩረት እናድርግ? ትኩሳት ሲመጣ ሁሉም ይደናገጣል።

መልስ፦ በፊት ያለው አጭር ነው። ደም የሚያረጋው ፕላትሌት ከ50 ሺህ በላይ ይሁን፤ አይኤንአር (ደም ለመርጋት የሚፈጅበት ጊዜ መለኪያ) ከ1.5፣ ቢበዛ ከ1.8 አይለፍ፤ የጉበት ታካሚ ላይ ከዚህ ቢያልፍ ውሳኔው የሐኪሙ ነው። ጠጣር ምግብ ለ6 ሰዓት፣ ውሃ ለ2 ሰዓት ይከልከል። ደም ማቅጠኛ ታካሚው በራሱ ፈቃድ አያቋርጥም፤ ዋርፋሪንና ክሎፒዶግሬል ብዙውን ጊዜ ከ5 ቀን በፊት ይቆማሉ፣ ግን በልብ ደም ሥሩ ውስጥ ስቴንት (ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ ቱቦ) ያለበት ሰው ሳይጠየቅ ቢያቆም ከዕጢው የባሰ አደጋ ይደርስበታል። አንድ ጥያቄ ደግሞ በሁሉም ቻርት ላይ ይጻፍ፦ የሐሞት ቱቦ ቀዶ ጥገና ወይም ስቴንት ተደርጎለት ያውቃል? አዎ ካለ የአንጀት ባክቴሪያ ወደ ጉበቱ መውጫ መንገድ አለው፤ የተቃጠለው ሥጋ መግል የመቋጠር ዕድሉ በብዙ እጥፍ ይጨምራል። ይህ መረጃ ሐኪሙ ጋ ሳይደርስ መርፌ አይገባም።

በኋላ፣ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ዋናው ሥጋት መድማት ነው። የልብ ምት መጨመር ከደም ግፊት መውረድ ቀድሞ ይመጣል፤ ምቱ ከ100 በላይ ሆኖ ከቀጠለ ሄሞግሎቢን ይላክ። የቀኝ ትከሻ ሕመም አያስደንግጥዎ፤ ዲያፍራሙ (ደረትንና ሆድን የሚለየው ጡንቻ) ሲቆጣ ትከሻ ላይ ነው የሚሰማው። ግን የትንፋሽ ማጠር ካለበት የደረት ራጅ ያስፈልጋል፣ ሳንባው ተበስቶ ይሆናል።

ትኩሳቱን በቀኑ ይለዩት። ከታካሚዎቹ ብዙዎቹ በ3ኛው ቀን አካባቢ የሚበረታ፣ በሳምንት ውስጥ የሚተው፣ ብዙውን ጊዜ ከ38.5 የማያልፍ ትኩሳት ከድካምና ከቁርጥማት ጋር ይይዛቸዋል። የሞተውን ሥጋ ሰውነት ሲያጸዳ የሚመጣ ነው፤ ጉበቱ ለታመመ ሰው መጠኑ ተቀንሶ ፓራሲታሞል፣ ፈሳሽ፣ ዕረፍት ይበቃል። ትኩሳቱ ከ38.5 ካለፈ፣ ብርድ ብርድ ካለው፣ ወይም ጋብ ብሎ ከሳምንት ሁለት ሳምንት በኋላ ከተመለሰ መግል ነው ብለው ያስቡ። በሌላ የጤና ተቋም ለወባ መድኃኒት እየተሰጠው ቀናት የሚያልፉበት ታካሚ ይህ ዓይነቱ ነው። ስለዚህ የመውጫ ወረቀቱ ላይ «ጉበቱ በሙቀት ታክሟል፤ ትኩሳት ካለው አልትራሳውንድ ይነሣ» ተብሎ ይጻፍለት።

ቤተሰብ ስለ አደጋው ከጠየቀ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ የጣሊያን 41 ማዕከላት ጥናት 2,320 የጉበት ታካሚዎችን ተመልክቶ ከባድ ጉዳት የደረሰባቸው 2.2 በመቶ፣ የሞቱት 6 ሰዎች መሆናቸውን አሳይቷል። በዚያው ጥናት በ12 ሰዎች ላይ ካንሰሩ መርፌው ባለፈበት መንገድ ላይ ተዘርቷል። መርፌው ሲወጣ ጫፉ እንደሞቀ ቀስ ተብሎ የሚሳበው ለዚህና ደምን ለማቆም ነው።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)፦ አንገቴ ላይ 4 ሴንቲ ሜትር እንቅርት አለብኝ። በኤፍኤንኤ (በቀጭን መርፌ ናሙና ወስዶ መመርመር) ካንሰር አይደለም ተብሏል፤ ግን ስውጥ ይይዘኛል። ዕድሜ ልኬን ኪኒን መዋጥ ስላልፈለግሁ ቀዶ ጥገናውን ፈራሁ። በሬዲዮ ሞገድ ይቻላል?

መልስ፦ አንድ ጎልቶ የወጣ ጠጣር እባጭ ከሆነ፣ ይቻላል፤ ለእርስዎ ጥያቄም የሚመች ነው። ሥራውን ከሁሉ በላይ ያዳበሩት በሴዑል የአሳን ሕክምና ማዕከል ያሉት እነ ቤክ ጁንግ ህዋን ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ከእ.ኤ.አ. 2018 ወዲህ ለታይሮይድ የተፈቀደ መሣሪያ አለ፤ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮም የራሱ የክፍያ ኮድ፣ 60660፣ ተሰጥቶታል። ኢንሹራንስዎ ጋ ሲደውሉ በዚህ ቁጥር ይጠይቁ፤ «አብሌሽን» ብለው ቢጠይቁ ስለ ልብ ምት ሕክምና ሊያወሩልዎ ይችላሉ።

መጀመሪያ መሟላት ያለባቸው አሉ። ካንሰር አለመሆኑ በአብዛኛው በሁለት የተለያዩ ኤፍኤንኤዎች መረጋገጥ አለበት፤ እርስዎ አንድ ብቻ ካደረጉ ሁለተኛውን ይጠብቁ። ቲኤስኤች (ታይሮይዱን የሚያዘው ሆርሞን) ይታያል። የድምፅ አውታሮችዎ ከሕክምናው በፊት ይመርመሩ፤ አስቀድሞ የደከመ አውታር ካለ በኋላ ጥፋቱ የማን እንደሆነ አይታወቅም፣ ጤነኛው በኩል ከተነካም አደጋው ከባድ ነው። እባጩ በአብዛኛው ፈሳሽ ከሆነ መርፌ ሳይሞቅ ፈሳሹን ቀድቶ አልኮል መጨመር ይቀድማል፤ ይረክሳልም። ከደረት አጥንት ጀርባ የወረደ ትልቅ እንቅርት፣ ወይም እንደ አገር ቤቱ እንቅርት ብዙ እባጮች የተደራረቡበት ከሆነ ግን ቀዶ ጥገናው ይሻላል። አንዱን እባጭ ቢያሳንሱት ሌሎቹ ይቀጥላሉ።

አሠራሩ ከጉበቱ ይለያል። ሙሉ ማደንዘዣ የለም፤ ቦታውን ብቻ የሚያደነዝዝ ሊዶካይን ነው፣ እርስዎም ነቅተው ይናገራሉ። መርፌው አጭርና ቀጭን፣ 18 ወይም 19 ጌጅ፣ ጫፉ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ነው። የሚገባው ከአንገት መሃል፣ ሁለቱን የታይሮይድ ክንፎች በሚያገናኘው ሥጋ በኩል ነው፤ በዚህ መንገድ መርፌው በጤነኛ ሥጋ ስለሚያልፍ በሚውጡበት ጊዜ አይናጋም፣ የጋለው ፈሳሽም ወደ ውጭ አይፈስም። ጉበት ላይ መርፌው ቆሞ 12 ደቂቃ ያቃጥላል፤ እዚህ ግን አይቆምም። ሐኪሙ እባጩን በአሳቡ በትናንሽ ክፍሎች ከፋፍሎ ከጥልቁ ይጀምርና ወደ ላይ እየሳበ፣ እያንዳንዱን ለጥቂት ሰከንድ ያሞቃል። ከጥልቁ መጀመሩ ምክንያት አለው፤ ሲሞቅ የሚወጣው አረፋ በአልትራሳውንድ ላይ እንደ ነጭ ደመና ሆኖ ከሥሩ ያለውን ይጋርዳል። 10 ሚሊ ሜትር ጫፍ ባለው መርፌ ብዙውን ጊዜ በ30 ዋት ይጀመራል፤ በ5 እስከ 10 ሰከንድ ደመናው ካልታየ በጥቂቱ ይጨመራል።

የሚፈራው ከታይሮይዱ ኋላ በኩል ከጉሮሮ ቱቦው አጠገብ የሚያልፈው የድምፅ ነርቭ ነው። በዚያ በኩል ያለው ጠርዝ ሆን ተብሎ ይተዋል፣ ወይም ደክስትሮስ ተጨምሮ ይራራቃል። ሐኪሙ በየመሃሉ የሚያናግርዎ ለጨዋታ አይደለም። ድምፅዎ ከሻከረ ወዲያው ይቆማል፤ ቀዝቃዛ ደክስትሮስ በነርቩ ዙሪያ ይገባል። ሕመሙ ወደ መንጋጋ፣ ጆሮ ወይም ትከሻ ከተሰማዎ ይናገሩ፤ ኃይሉ ሲቀነስ ይጠፋል።

እባጩ በዕለቱ አይጠፋም፤ በመጀመሪያው ሳምንት እንዲያውም ሊያብጥ ይችላል። በ6 ወር ይዘቱ ከግማሽ በላይ መቀነስ አለበት፤ በዓመቱ ብዙዎች ላይ ከዚያም ይወርዳል። የቀረው ታይሮይድ ሥራውን ስለሚቀጥል ኪኒን የሚያስፈልገው ከስንት አንድ ነው። ጠርዙ ላይ የተተወው ሥጋ በዓመታት ውስጥ መልሶ ሊያድግና ሕክምናው ሊደገም ይችላል፤ የ4 ሴንቲ ሜትር እባጭ ላይ ይህን ከወዲሁ አስበው ይግቡ።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ የ15 ዓመት ልጄ ጭኑን ሌሊት ሌሊት ያመዋል፤ አይቡፕሮፌን ሲወስድ ወዲያው ይተወዋል። በሲቲ «ኦስቲዮይድ ኦስቲዮማ» ተባለ። አጥንቱን ከፍተው ይጠርቡታል ተባልን።

መልስ፦ ካንሰር ያልሆነ ትንሽ የአጥንት ዕጢ ነው፤ ሌሊት የሚብስና በአይቡፕሮፌን ወይም በአስፕሪን ቶሎ የሚታገሥ መሆኑም የዚህ በሽታ ዋና መለያ ነው። የሚያመው ፍሬ ብዙውን ጊዜ ከ1.5 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ስለሆነ ለአብሌሽን ከዚህ የተመቸ ዕጢ የለም ማለት ይቻላል። በቦስተን ማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ከእ.ኤ.አ. 1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ይሠራል፤ ዛሬ በብዙ አገሮች ከመጥረቡ ይመረጣል። በቀጭን ሲቲ እየታየ አጥንቱ በመሰርሰሪያ ይበሳል፣ መርፌው ፍሬው መሃል ይቀመጣል፣ በ90 ዲግሪ ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ይሞቃል። ፍሬው ሲነካ ሕመሙ እጅግ ኃይለኛ ስለሆነ ልጁ ሙሉ ማደንዘዣ ወይም የወገብ ማደንዘዣ ያስፈልገዋል። በማግሥቱ ቤቱ ይገባል፤ የሌሊቱ ሕመም በጥቂት ቀናት ውስጥ ይተወዋል። ጭን ክብደት ተሸካሚ አጥንት ስለሆነ ግን ወደ 3 ወር ያህል ኳስ፣ ሩጫና ዝላይ የለም፤ የተበሳው አጥንት ሊሰበር ይችላል። ሕመሙ የጠፋለት ልጅ ይህን እንዲጠብቅ ማድረግ ከሕክምናው ይከብዳል። ከመቶ አሥር በሚሆኑት ላይ ሕመሙ ይመለሳል፤ በዚያው መንገድ ይደገማል።

ጥያቄ (ከዱባይ)፦ እናቴ የጉበት ዕጢዋ 2.2 ሴንቲ ሜትር ነበር። ተቃጥሎ ከወር በኋላ በተነሣው ሲቲ ግን 4 ሴንቲ ሜትር ተብሎ ተጽፏል። ካንሰሩ አደገ?

መልስ፦ በዚህ ቁጥር ብቻ ከሆነ አላደገም። የተለካው የተቃጠለው ቦታ ነው፤ ዕጢው ከነጠርዙ። 2.2 ላይ በየአቅጣጫው 9 ሚሊ ሜትር ሲጨመር 4 ይሆናል፤ እንዲያውም በሚገባ ተሠርቷል ማለት ነው። በመጀመሪያው ሲቲ ላይ የተቃጠለው ቦታ ከድሮው ዕጢ መብለጥ አለበት፤ ካነሰ ነበር የሚያሠጋው። በቀጣዮቹ ወራት እየተኮማተረ ይሄዳል፣ ጠባሳው ግን ለዓመታት ሊታይ ይችላል።

መጠኑን ትተው ኮንትራስቱን ይመልከቱ። የሞተ ሥጋ ደም ስለማይደርሰው ኮንትራስት ሲገባ አያበራም፤ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። በመጀመሪያው ወር ዙሪያውን ስስና እኩል የሆነ ቀለበት ቢያበራ የቁስሉ መቆጣት ነው፣ በጊዜው ይጠፋል። በአንድ ጎን ብቻ እንደ ጉብታ ወፈር ብሎ፣ በመጀመሪያው ደረጃ አብርቶ በኋለኛው የሚጠቁር ነገር ካለ ግን ያልሞተ ካንሰር ነው፤ በተለይ ትልቅ የደም ሥር ባለበት በኩል። ቶሎ ከተገኘ እንደገና ማቃጠል ይቻላል። ስለዚህ ሁለቱን ሲቲዎች፣ የድሮውንና የአሁኑን፣ ጎን ለጎን የሚያይ ራዲዮሎጂስት ይፈልጉ። ኤኤፍፒ (በደም የሚለካ የጉበት ካንሰር ምልክት) ከፍ ያለ ከነበረ እሱም አብሮ ይለካ፤ ወርዶ እንደገና መውጣቱ ምስሉ ላይ ከሚታየው ሊቀድም ይችላል።

ክትትሉ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በየ3 ወሩ ነው። የተቃጠለው ቦታ ንጹሕ ቢሆንም የታመመ ጉበት በሌላ ቦታ አዲስ ዕጢ ያበቅላል፤ በ5 ዓመት ውስጥ ይህ ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ላይ ይደርሳል። ገና በ2 ሴንቲ ሜትር ከተያዘ በመርፌ ይጠፋል። ክትትሉን ትታ በዓመቷ የመጣች እናት ግን ይህን ዕድል ታጣለች።

ጥያቄ (ከመቀሌ)፦ አባቴ ፔስሜከር (የልብ ምት የሚያስተካክል መሣሪያ) አላቸው፤ ዳሌያቸውም በብረት ተተክቷል። ይከለከላሉ?

መልስ፦ አይከለከሉም፤ ግን ለሐኪሙ አስቀድሞ ይነገር። ፔስሜከሩ የመርፌውን ሞገድ የልብ ምት መስሎት ሥራውን ሊያቆም ስለሚችል የልብ ሐኪም ለጊዜው በቋሚ ምት እንዲሠራ ያስተካክለዋል፤ ሲያልቅ ይመልሰዋል። ዲፊብሪሌተር (የተዛባ የልብ ምትን በኤሌክትሪክ ንዝረት የሚመልስ መሣሪያ) ከሆነ ሳያስፈልግ እንዳይነዝር ይጠፋል፤ ውጫዊው መሣሪያ ግን አጠገባቸው ይዘጋጃል። የዳሌው ብረት ባለበት በኩል ፓድ አይለጠፍም። ፓዶቹ ኤሌክትሪኩ በልብና በብረቱ እንዳያልፍ በሌላ ቦታ ይቀመጣሉ፤ እንደ ጀርባ ያለ። የማይክሮዌቭ ማሽን ያለበት ሆስፒታል ካገኛችሁ ለአባትዎ እሱን እንመርጣለን፤ ፓድ አይፈልግም፣ ከፔስሜከሩም ጋር ያነሰ ይጋጫል፣ በደም ሥር አጠገብም ሙቀቱ በቀላሉ አይወሰድበትም። በአጭር ጊዜ ሰፊ ቦታ ስለሚያቃጥል ግን እጁ ያልለመደ ሐኪም ጋ አደጋው ይበረታል፤ ስለዚህ ማሽኑን ብቻ ሳይሆን ሐኪሙ በእሱ ስንት ሰው እንዳከመ ይጠይቁ።